አረንጓዴ ክር የታሰረበት እርሾ

መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሰው ሲጮኽ ማንም ዘሎ አይወጣም። መጀመሪያ ተኩስ ይከተል እንደሆነ ጆሮ ይጣላል፤ ከዚያ በር ገርበብ ይላል፤ ጉርብትናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት ጠላ ሻጯ ዝናሽ ከአለምሰገድ ጓሮ ኡኡታዋን ስታቀልጠው፣ ሰው እስኪደርስላት ድምጿ ተዘግቶ ነበር።

ኢንስፔክተር መሠረት ግቢውን የሞላውን ሰው በክርኗ እየገፋች ወደ ጓሮው ክፍል ገባች። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ ነው። ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። እሷን ያስደነገጣት ግን ሽታው ነበር፤ ጣፋጭ፣ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ ሽታ። በክፍሉ ውስጥ አንድም ሙዝ አልነበረም።

አለምሰገድ በጀርባው ተዘርሯል። የራሱ ኋላ ብቅል የሚፈጭበት የድሮ ወፍጮ ድንጋይ ላይ አርፏል። አጠገቡ የገንቦ ስባሪ ተበትኗል፣ ጠላም ፈስሷል። መሠረት ተንበርክካ ሁለት ጣቷን አንገቱ ላይ አደረገች። ምንም። ትንሽ ቆየች። ከዚያ እንደ ሩቅ የበር ማንኳኳት አንድ ነገር ጣቷን ነካው።

«አለ! ሰውዬው አለ! መኪና አምጡ!»

በሰሊጥ ጫኝ መኪና ወደ ጎንደር ሲወስዱት መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ የሚያውቅ አልነበረም። መሠረት መኪናው ከዓይኗ እስኪሰወር ቆማ አየችው። 

አለምሰገድን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ደጋ ላይ ካለ የቢራ ፋብሪካ ሥራውን ትቶ ወደ ትውልድ ቀየው የተመለሰ ሰው ነው። የሰሊጥ አገር ልጅ ሆኖ ሰሊጥ አይዘራም፣ ከድንበር ማዶ ከገላባት ዕቃ አያሻግርም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢራ ይጠምቃል። ቢራውም የቤልጂየም ሰዎች የሚጠጡት ዓይነት ነው፤ ፍራፍሬ ሳይገባበት ፍራፍሬ የሚሸት፣ ማር ሳይጨመርበት ማር ማር የሚል። ሚስጥሩ እርሾው ላይ ነው ይላል ለጠየቀው ሁሉ። እስከ አሁን በጠርሙስ በጠርሙስ ብቻ ሲሞክር ኖሮ፣ ባለፈው ሳምንት ገና የመጀመሪያውን ትልቅ በርሜል ጠምቆ ነበር። ከተማው «እርሾ መራጩ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ለቀልድ ነው፣ ግን በፍቅር።

መሠረት ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ከመጠጥ ቤት የተገዛው ትልቁ ፍሪጅ መደርደሪያው ተነቅሎለት የበርሜል ቤት ሆኗል። መብራት ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ስለጠፋ ፍሪጁ ሞቷል። በሩ ተበርግዷል። ውስጡ የበርሜል ቂጥ ያስቀረው እርጥብ ክብ ብቻ ይታያል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰማያዊ በርሜል የለም።

ጥግ ላይ የፎም ሳጥን አገኘች። በረዶው ቀልጦ ውኃ ሆኗል፤ ውኃው ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ውኃው ውስጥ ሁለት የማርማላታ ጠርሙሶች ቆመዋል፤ አፋቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በአረንጓዴ ክር ታስሯል። ነካ ስታደርጋቸው ከታች አረፋ ተነሣ። አንዱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ማርና ፖም። ሌላውንም አሸተተች፤ ያው ነው።

ከመውጣቷ በፊት የገንቦውን ስባሪ አንሥታ ከሥሩ አየች። ደሙ ጥቁር ሆኖ ደርቋል። በላዩ የፈሰሰው ጠላ ግን ገና እርጥብ ነው።

*

«ቁልጭ ያለ ነገር ነው!» አለ ኮማንደር ትዕዛዙ፣ በካርቶን ቁራጭ ፊቱን እያራገበ። «ሴትዮዋ በቀደም ጠጪ ፊት ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ‹ያን በርሜል አንድ ቀን እደፋዋለሁ› ብላለች። ገንቦው የእሷ ነው። በርሜሉ ደግሞ አሁን ተገኘ፤ የት አትይኝም?»

«የት?»

«ከእሷ ጠላ ቤት ጓሮ፣ ቦዩ ውስጥ፣ ባዶውን። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረሽ? ነገ ጠዋት አጃቢ መኪና ወደ ዞኑ ከተማ ወደ ገንዳ ውኃ ይመለሳል። ከነመዝገቧ ትሄዳለች።»

 ኮማንደሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከተማው ሲያጉረመርም የሚጨንቀው ሰው ነው። ጭንቀቱን ደግሞ ቶሎ ሰው በማሰር ያስታግሳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ዝናሽ በጣቢያው በረንዳ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። መሠረት አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ ዝናሽ፣ ጠዋት ለምን ሄዱ?»

«ጠላ ላደርስለት ነዋ ልጄ። በየማለዳው ነው የማደርስለት።»

«ቢራ ለሚጠምቅ ሰው ጠላ?»

«የራሱን መች ይጠጣል! ቀምሶ ይተፋል እንጂ። ሲጠማው የእኔን ነው የሚጠጣ።» እንባዋ መጣ። «ወድቆ ሳየው ገንቦው ከእጄ አመለጠኝ። በማርያም፣ ያመለጠኝ ነው! ደፋዋለሁ ማለቴንስ መች እክዳለሁ? ደንበኛዬን ሊወስድብኝ ነው ብዬ የተናገርሁት የብስጭት ነገር ነው። አፌ እንጂ እጄ መች ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ፍቺኛ! ነገ ወደ ገንዳ ውኃ ትሄጃለሽ አሉኝ። እዚያ ማን አለኝ? ማን ይጠይቀኛል?»

መሠረት ደረቁን ደምና እርጥቡን ጠላ ለኮማንደሩ ነግራዋለች፤ እሱ ግን «ማታ መትታ ጠዋት ለማስመሰል መጣች» ብሎ በአንድ ቃል ዘግቶባታል። ሌላ ነገር ያስፈልጋታል፤ ያውም ከነገ ጠዋት በፊት።

*

ከዝናሽ ጠላ ቤት ጀርባ ያለው ቦይ ክረምት ካልሆነ ውኃ አያውቅም። ሰማያዊው በርሜል በጎኑ ተጋድሟል። መሠረት ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ ታውቋታል፤ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አልመጣላትም።

ከዝናሽ ቤት በር ላይ የተደፋው አተላ በዝንብ ጠቁሯል። ያኔ ገባት። በርሜሉ አጠገብ አንድ ዝንብ የለም። ንብ የለም። አፈሩ ብናኝ ነው፤ በእግሯ ብትጭረው አቧራ ተነሣ። ያን ያህል ጣፋጭ መጠጥ እዚህ ተደፍቶ ቢሆን ኖሮ የቆላ ዝንብ ሁሉ ድግስ ላይ በሆነ ነበር።

ቢራው አልተደፋም ማለት ነው። ባዶ በርሜል አምጥቶ እዚህ የጣለ ሰው አለ፤ ቢራውን ደግሞ ሌላ ቦታ አስቀምጦታል። ዝናሽ በርሜሉን ልደብቅ ብትል ከገዛ ጓሮዋ ትጥለዋለች? መሠረት ላቧን ጠረገች። ጭንቀቷ ላይ አሁን ንዴት ተጨመረ፤ አንድ ሰው ይችን ሴት ሆን ብሎ ወጥመድ ውስጥ ከትቷታል።

*

ስሜነህ ሆቴል አለው። በሆቴሉ ግቢ አዲስ ቢራ ቤት ሠርቶ፣ በመጪው ቅዳሜ ሊያስመርቅ ሽር ጉድ ላይ ነው። በምርቃቱ ዕለት የሚቀርበው የአለምሰገድ ቢራ ነበር። የሰሊጥ ነጋዴውን፣ የጉምሩኩን ሰው፣ የሹፌሮቹን አለቃ፣ ከሽንፋ ሳይቀር ዘመድ አዝማድ ጠርቷል። ከአለምሰገድ ጋር ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ አይለያዩም። ማንን ትጠይቂያለሽ ቢሏት መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

መሠረትን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ኢንስፔክተር፣ ይተርፋል? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«አላውቅም። ስልክ አይሠራም። እርስዎ መቼ ነው ያዩት?»

«አርብ ነዋ። ወደ አብርሃ ጅራ ልወጣ ስል ልሰናበተው ገባሁ። ይኸው ዛሬ ረፋድ ተመልሼ ገና ከመኪና ሳልወርድ ጉድ ሰማሁ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «አርብ እንዴት ደስ ብሎት ነበር መሰለዎት! ከበርሜሉ በብርጭቆ ቀድቶ አቀመሰኝ። ክፍሉ ሙዝ ሙዝ ይላል፤ ግቢውን ሁሉ አውዶታል። ‹ስሜነህ፣ እርሾዬን አገኘሁት› ብሎ አቀፈኝ። ይኸው ለመጨረሻ ጊዜ ያቀፈኝ።»

ሰውየው አለቀሰ። የእውነት እንባ ነበር፤ መሠረት በሥራዋ የውሸቱን መለየት ለምዳለች። አንጀቷን በላው። ውኃ እንዲጠጣ ነገረችው። ብርጭቆውን ሲያነሣ ጥፍሮቹ ሥር የደረቀ ጭቃ አየች፤ ግንብ ለሚያስገነባ ሰው ምን ይገርማል ብላ አለፈችው። ከዕቃ ቤቱ በኩል የወይራ ጭስ ይሸታል።

«ጋን ታጥኗል እንዴ?»

«አዎ፣ ለምርቃቱ ጠላ ይሁን ብለን። ከእንግዲህ ቢራው የት አለና? የጠሩትን ሰው መመለስ ነውር ነው።»

«ነውር ነው» አለች መሠረትም፣ ወጣች። የስሜነህ ሹፌር አርብ ዕለት አብርሃ ጅራ እንዳደረሰው አረጋገጠላት። መቼ እንደተመለሰ ግን አያውቅም፤ ሹፌሩ ቀድሞ በሕዝብ መኪና ተመልሷል፣ መኪናዋን ስሜነህ ራሱ ነው ያመጣት።

*

መብራት በጠፋ ጊዜ መተማ ውስጥ የሚከበረው በሽር ነው። ጄኔሬተር አለው፣ በረዶ ይሸጣል። ከመጋዝ ብናኝ ውስጥ የበረዶ ብሎክ እየጎተተ ለመሠረት መለሰላት።

«ወላሂ ኡክቲ፣ እህቴ፣ አለምሰገድ እሑድ ቀትር ላይ እዚሁ ነበር። ‹ተልጅ ስጠኝ፣ ያለህን በረዶ ሁሉ ስጠኝ› አለኝ። የነበረኝ ትንሽ ናት፤ ለበርሜሉ አትበቃም አልሁት።»

«ምን አለ?»

«‹እስከ አሁን አልከዳኝም፣ ማሩ አለ› አለኝ። ‹ከሞቀው ግን ይከዳኛል› አለ። እንደ ሕፃን ልጅ ትኩሳት ነበር የሚያወራው።» በሽር ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «በረዶዋን ታቅፎ ሮጠ። ይተርፋል?»

ሁሉም ሰው የሚጠይቃት ያንኑ ነው። መሠረት ደጋግማ ጎንደር ደወለች፤ መስመሩ ጭጭ ብሏል።

ጣቢያ ስትመለስ በእጇ ያለው እሑድ ቀትር ላይ ሰውየው በሕይወት መኖሩ ብቻ ነበር። ሁለቱን ጠርሙሶች ይዛ ከመጣችው የፎም ሳጥን አወጣቻቸው። አንዱን መዝገብ ቤት የቆርቆሮው ቁምሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ለሁለተኛው ቦታ ስላልነበረ፣ በረንዳው ላይ ካለው የሸክላ ውኃ ማቀዝቀዣ ዚር ሥር፣ እርጥቡ ጆንያ ውስጥ ሸጎጠችው። የትኛውንም ሆን ብላ አላደረገችውም። ስለ እርሾ የምታውቀው እናቷ ለሊጥ ከምታስቀረው አያልፍም።

*

ማክሰኞ ጠዋት የአጃቢው መኪና ሞተር ተነሥቷል። ዝናሽ ትንሽ ፌስታል ይዛ ግቢው መሃል ቆማለች፤ ጎረቤት አንድ ሰው እንኳ ሊሸኛት አልመጣም። መሠረት የዝናሽን መዝገብ ለማምጣት መዝገብ ቤቱን ከፈተች።

ሙዝ።

በሩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሽታው ያው የአለምሰገድ ክፍል ሽታ ነው። የቆርቆሮው ቁምሳጥን ላይ ያለው ጠርሙስ አረፋው ጨርቁን አልፎ ገንፍሏል። ጠርሙሱን ያዘችው፤ ሞቋል። ከዚያ ወደ በረንዳው ሮጠች፣ እርጥቡን ጆንያ ገለጠች፣ ሁለተኛውን አሸተተች። ማርና ፖም። ሁለቱም ላይ ያው አረንጓዴ ክር።

«መሠረት! ሴትዮዋን አስወጪ እንጂ!» ጮኸ ኮማንደሩ።

«ቆይ፣ ኮማንደር! አንዴ ቆይ!»

ስልኳን አነሣች። ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩ ሠራ። ጎንደር ሆስፒታል ያለው የፖሊስ ባልደረባ «አልነቃም፣ ግን ይተነፍሳል» አላት። ቀጥላ የደወለችው ለእየሩስ ነው፤ ከአለምሰገድ ጋር ፋብሪካ ውስጥ አብራው እርሾ ስትንከባከብ የነበረች ሴት ናት። ቁጥሯን ትናንት ከጎረቤቶቹ አግኝታ ነበር።

«እየሩስ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አረንጓዴ ክር የታሰረበት ምንድን ነው?»

«የመረጠው ነዋ! ቀይ ክር የታሰረበት ቅርንፉድ ይሸታል ብሎ ጣለው። ቢጫው ይኮመጥጣል። አረንጓዴው ነው የሚወደው፤ ማር ይላል።»

«እኔ ጋ ያለው አንዱ ማር፣ አንዱ ሙዝ ይሸታል።»

እየሩስ ሳቀች። «አንዱን ሙቀት ላይ ትተሽዋል ማለት ነው። ያ እርሾ ቀዝቀዝ ሲል ማርና ፖም ነው፣ ሲሞቀው ሙዝ ያወጣል። ብዙ ሰው ሙዙን ይወደዋል፤ አለምሰገድ ግን ሙዝ ከሸተተው ይደፋዋል። ‹ሙቀት የሠራውን ቢራ በስሜ አላጠጣም› ነው የሚለው። ስንት ጊዜ ተጣልተንበታል!»

«ፍሪጁ እየሠራ ሳለ ያ በርሜል ሙዝ ሊሸት ይችላል?»

«አይችልም። ለምን ጠየቅሽኝ?»

መሠረት ስልኩን ዘጋችው። አርብ መብራት ነበር። ቅዳሜ ማታ ጠፋ። እሑድ ቀትር ላይ አለምሰገድ ራሱ «ማሩ አለ» ብሏል። ሙዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙዝ የሸተተው ሰው እሑድ ከቀትር በኋላ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ‹ሙዝ ሸተተ፣ ደስ ብሎት አቀፈኝ› ያለ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ዋሽቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስሜነህ ያቺን ቃል መልሶ ሊውጣት አይችልም።

ኮማንደሩ ሁለቱን ጠርሙሶች በየተራ አሸተተ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«በጠረን ብቻ ሰው ይከሰሳል?»

«ቢራውን ካገኘሁትስ?»

ኮማንደር ትዕዛዙ ዝናሽን አየ። ሞተሩን እንዲያጠፉ በእጁ ምልክት ሰጠ። «እስከ ቀትር። ከቀትር በኋላ ግን መኪናው ይሄዳል።»

*

ስሜነህ አዲሱ ቢራ ቤት ውስጥ ሠራተኞቹን ወንበር ያስደረድራል። መሠረትን ከሁለት ፖሊሶች ጋር ሲያይ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ነቃ?»

«አልነቃም። አቶ ስሜነህ፣ የአርቡን ነገር እስቲ ይድገሙልኝ።»

«ነገርሁዎት እኮ። አቀመሰኝ፣ አቀፈኝ።»

«ሽታውስ?»

«ሙዝ አልሁ። እንደ ገበያ ሙዝ።»

«ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናትስ?»

«ከዚያ በፊት አልገባሁም። አርብ ነው ያሸተትሁት፤ እንዴት እረሳዋለሁ?»

«አርብ ዕለት ያ በርሜል ማር ነበር የሚሸተው» አለች መሠረት ቀስ ብላ። «ሙዝ የሆነው መብራት ጠፍቶ በረዶው ካለቀ በኋላ፣ እሑድ ነው።»

ስሜነህ አፉን ከፈተ። መልስ ፈልጎ ዓይኑ ከግድግዳ ግድግዳ ሄደ።

«ምናልባት... ምናልባት ሰው ነግሮኝ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ሲያወራ...»

ያን ጊዜ ከዕቃ ቤቱ በኩል አንድ ነገር ጧ! አለ።

ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተነጠፈ። ሠራተኞቹ ጠረጴዛ ሥር ገቡ፣ አንዱ ፖሊስ መሣሪያውን አቀባበለ፣ መንገድ ላይ ባጃጆች ባሉበት ቆሙ። መሠረት ጉንጯ ሲሚንቶው ላይ እንደተጣበቀ ሁለተኛውን ተኩስ ጠበቀች። ሁለተኛው መጣ፤ ግን የሸክላ ስንጥቅ ድምፅ ነበር። ቀጥሎም የሚፈስ ነገር ተሰማ።

በዕቃ ቤቱ በር ሥር ነጭ አረፋ እየተግተለተለ ወጣ። ሙዝ፣ የወይራ ጭስም ተቀላቅሎበታል።

መሠረት ተነሥታ በሩን ገፋችው። ሦስት ጋኖች ተደርድረዋል፤ አፋቸው እንደ ጠላ ጋን በጭቃ ተመርጓል። የአንዱ ምርጊት ተፈንቅሎ ጣሪያው ላይ ተለጥፏል፤ የሌላው አንገት ተሰንጥቆ ቢራው እየገነፈለ ነው። አለምሰገድ በርሜሉን መቼም ደፍኖት አያውቅም፤ እርሾው እንዲተነፍስ ቀጭን ጎማ ቱቦ ያወጣለት ነበር። ስሜነህ ግን የጠላ አገር ሰው ነው። ጋን ይታጠናል፣ ይሞላል፣ ይመረጋል፤ ሌላ መንገድ እንዳለ በሐሳቡም አልመጣበት። በዚህ ሙቀት ገና እየሠራ ያለን ቢራ በጭቃ አፍኖ፣ እስትንፋሱን ዘግቶበት ሄደ።

መሠረት ዞረች። «አንተ» ማለት ሲቀላት ተሰማት።

«ለምን አደረግኸው ስሜነህ?»

ስሜነህ ከወለሉ አልተነሣም፤ አረፋው ወደ ጉልበቱ እየተጠጋ ነው።

«ከአብርሃ ጅራ እሑድ ተመለስሁ። ስገባ በርሜሉን ሊገለብጠው ይዟል። ‹ሙዝ ሆነብኝ፣ እደፋዋለሁ› አለኝ። ቀመስሁት። ጣፋጭ ነው! ከቢራ ሁሉ ይበልጣል! ሰው ጠርቻለሁ አልሁት፤ አገር ጠርቻለሁ፣ ምን ብዬ እመልሳቸዋለሁ? ሰው ምን ይለኛል? ‹ይኼ የእኔ አይደለም› አለ። በርሜሉን ሊደፋ ሲል ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው። ድንጋዩን አላየሁትም።»

«ከዚያስ?»

«ፈራሁ። በርሜሉን ጫንሁት። ሌባ ወሰደው ይባላል ብዬ ነበር። ሲነጋጋ ሴትዮዋ ጠላ እንደምታደርስለት ትዝ አለኝ... በርሜሉን ወደዚያ...» 

መሠረት አጎንብሳ ፊቱን አየችው። ከትናንት ጀምሮ የፈራችው ጥያቄ ይኸው ነበር።

«ስትወጣ ይተነፍስ ነበር?»

 የቢራው አረፋ ብቻ ይንሾካሾካል።

«ይሰማኝ ነበር» አለ ስሜነህ። «በርሜሉን ጭኜ እስክጨርስ ይሰማኝ ነበር። ሰው ይመጣለታል ብዬ ነው።»

ሌሊቱን ሙሉ ማንም አልመጣለትም። ጠዋት የመጣችለት ዝናሽ ነበረች።

*

አለምሰገድ ከጎንደር የተመለሰው የሰሊጥ ጭነት ካለቀ በኋላ ነው። ራሱ ተላጭቷል፣ ሲራመድ ግድግዳ ይደግፋል። መሠረት በእርጥብ ጆንያ የጠቀለለችውን ጠርሙስ ይዛ ሄደች። እየሩስ በስልክ እየነገረቻት የብቅል ውኃ ስትመግበው፣ ጆንያውን ስታረጥብለት ነበር የከረመችው፤ ኮማንደሩ ሳይቀር ከዚሩ አጠገብ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ያየዋል።

ዝናሽ በር ላይ ጠላዋን ይዛ ቆማለች። ከእስር ከወጣች ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ ያበዛላታል፤ እሷ ግን ሳትሸኝ የቀረችባትን ያቺን ጠዋት አልረሳችም።

አለምሰገድ አረንጓዴውን ክር ሲያይ ፊቱ በራ። ፈታው፣ ጨርቁን ገለጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ። እንደገና አሸተተ። ሦስተኛ ጊዜ አፍንጫው ጠርሙሱን እስኪነካ አስጠጋው። 

«ምንም የለም» አለ። «ሐኪሞቹ ነግረውኝ ነበር። የራስ ኋላ ሲመታ ሽታን ይወስዳል አሉኝ። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። እርሾዬን ሳሸት ግን ይመለሳል ብዬ ነበር።»

 መሠረት ወንጀለኛውን ይዛለች፣ ዝናሽን አስፈትታለች፣ ሰውየውም በሕይወት አለ። የጠፋውን ነገር ግን የምትመልስበት ሥልጣን የላትም፤ ይኼ ደግሞ እሳት ሆኖ አቃጠላት።

አለምሰገድ ጠርሙሱን ወደ ዝናሽ ዘረጋ።

«እትዬ ዝናሽ፣ እስቲ ያሽትቱልኝ። ምን ይላል?»

ዝናሽ ጠላዋን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«ማር ይላል።»

«ሌላስ?»

«ማርና... ያ ከሱዳን የሚመጣው፣ ቀዩ ፍሬ። ፖሙ።»

«ሙዝስ?» ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ደህና አድርገው ያሽትቱ። ሙዝ አለበት?»

ዝናሽ እንደገና አሸተተች፤ በጥንቃቄ፣ ረጅም አድርጋ።

«የለበትም ልጄ። ሙዝ የለበትም።»

አለምሰገድ ራሱን ነቀነቀ። ጨርቁን መልሶ አለበሰውና ክሩን ለማሰር ሞከረ። ጣቶቹ እምቢ ሲሉት ዝናሽ ተቀብላ አሰረችለት።